መውጫ ያጣ ሙቀት

በዋግ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሙቀት ሊጽፍ ብዕር ሲያነሣ አንባቢን ጥቂት ሳያስገርም አይቀርም። እኛ የጋዝጊብላ ሰዎች በሚገባ የምናውቀው ብርዱን ነው። ማለዳ ወደ አስከተማ ገበያ የሚሄድ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሄዳል፤ ማታ እሳቱ የሚዳፈነው ፍሙ ለነገ እንዲተርፍ ነው። ሙቀት ለእኛ የሚቆጠብ ሀብት ነው። ሙቀቱን እንዴት አድርጌ ከቤቴ ላስወጣው ብሎ የተጨነቀ አባወራ በአገሬ አላውቅም።

እንጀራ የምበላበት ሙያ ግን ከሞላ ጎደል ይኸው ጭንቀት ነው። በሽቦና በሲሊኮን ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ሙቀት ይወልዳል፤ የተወለደውም ሙቀት መውጫ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ካላገኘ የወለደውን ይበላል። ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገው ከምስር ፍሬ ስለማትበልጥ፣ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ሆድ ሥር ተለጥፋ ስለምትኖር ብረትና፣ እርስዋን ፍለጋ ከአንድ የወረዳዬ ልጅ ጋር ስላሳለፍኳቸው ቀኖች ነው።

ልጁ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረ። ቤታቸው የሚነገረው ኽምጥኛ ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ሸክላ ሠሪ መሆን በአገራችን ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አይገባኝም፤ በምጣዳቸው የተጋገረውን እንጀራ እየበላ፣ በጀበናቸው የፈላውን ቡና እየጠጣ፣ እነርሱን ግን ጎሪጥ በሚያይ ማኅበረሰብ መካከል ነው ያደግነው። ልጁ በዚህ ላይ የጦርነቱን ዘመን ጨምሮ ተሸክሟል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ዋግን በደረሰ ጊዜ እርሱ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር። መንገድ ተዘጋ። እኩዮቹ ዓመት ሲቀይሩ እርሱ ከእናቱ ጋር ጭቃ ሲረግጥ ከረመ። ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ነው።

የመመረቂያ ሥራውን ይዞ የመጣው ከዚያው ከጭቃው ነው። ምጣድ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ገዢ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት በጣቱ አንጓ ምጣዱን ቆርቆር ያደርጋል። ደኅናው ምጣድ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ጣትም ጆሮም አይደርስበትም። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያሟሸው ምጣዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወቀሳውም፣ የተመለሰው ገንዘብም፣ ስድቡም ወደ ሠሪዋ ይመጣል። ልጁ የፈለገው ይህንን ስንጥቅ የሚሰማ መሣሪያ መሥራት ነው። ፒዬዞ የሚባለው ዓይነት ስስ ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፤ ሲያንቀጠቅጡት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አንዱን ከምጣዱ አንድ ጎን፣ ሌላውን ከሌላው ጎን አስጠግቶ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያዳምጥ ማድረግ ነበር ሐሳቡ። «መምህር፣ የእናቴን ጣት ነው የምሠራው» አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን እንደ ሌሎቹ የተማሪ ሥራዎች ማየት አልቻልኩም።

የሚናገረው ፒዬዞ በደንብ እንዲናገር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው ኦፕ-አምፕ የሚባለው አምፕሊፋየር ነው። የዚህ ዕቃ ዋና ምሥጢር ከውጤቱ ላይ ጥቂቱን መልሶ ወደ መግቢያው ማምጣትና ራሱን በራሱ እንዲያርም ማድረግ ነው፤ ሐሳቡን ሃሮልድ ብላክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሥራው በጀልባ ሲሻገር በያዘው ጋዜጣ ላይ ጫረው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው 741 የተባለው ቺፕ ደግሞ ከኒውዮርክ እስከ መርካቶ ያልገባበት የለም፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት በእርሱ ነው። እርሱ ግን በ30 ወይም በ40 ቮልት ግፋ ቢል ይወሰናል። የልጁ ሥራ የሚያስፈልገው በፕላስ 50 እና በማይነስ 50 ቮልት መካከል፣ ማለት በጠቅላላው በ100 ቮልት የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቺፕ በአገራችን ገበያ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለቱን ፍሬ በሻንጣው ይዞ የመጣለት ከውጭ አገር ለበዓል የገባ ዘመድ ነበር።

ከሁለቱ አንዱ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሞቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ባለ አንድ ገጽ ቦርድ በእጁ አዘጋጅቶ፣ ቺፑን በይዶ፣ ያለ ጭነት ሲሞክረው መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ፒዬዞውን ሲያገናኘው ግን ዐሥር ሰከንድ ያህል ሠርቶ ጸጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይነሣል፤ መልሶ ይወድቃል። ልጁ በራሱ የሚነሣ ነገር ደኅና ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲወድቅና ሲነሣ እንዲያድር ተወው። ጧት ሲመጣ ቺፑ ጨርሶ አልነሣ አለ።

ሁለተኛውን ቺፕ ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መከላከያ ቀኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሌላ ሻንጣ የሚመጣበት ወሬ የለም።

ብልሽት ፍለጋ እንደ ሽማግሌ ዳኝነት ነው፤ ሁሉንም ምስክር በተራ ትሰማለህ እንጂ በመጀመሪያው ተናጋሪ አትፈርድም። በመጀመሪያ የኃይል ምንጩን ጠየቅነው፤ መሣሪያው ሲወድቅም ሲነሣም ሁለቱ 50 ቮልቶች አልተነቃነቁም። ከዚያ ጭነቱን ጠረጠርነው። ፒዬዞ በጠባዩ ካፓሲተር ነው፤ ካፓሲተር የተጫነበት አምፕሊፋየር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳይነካው በራሱ መወዛወዝ ይጀምራል። በመካከል ሬዚስተር አስገብተን በኦሲሎስኮፕ አየነው፤ ሞገዱ እንደ ተቀረጸ የጠራ ነው። ጠርቶ ይሠራል፤ ጠርቶ ሳለ ይጠፋል። የሚያወጣውን ከረንት ለካን፤ ጫፉ 30 ሚሊአምፒር ያህል ነው፤ ቺፑ ከዚህ በላይ መስጠት ይችላል።

በዚህ ጊዜ ልጁ ጥሩ ነገር አደረገ። ድግግሞሹን ከ12 ኪሎኸርዝ ወደ 6 ዝቅ አደረገው፤ ቮልቴጁን ግን አልነካም። መሣሪያው መውደቁን ተወ። ወደ 12 ሲመልሰው ወደቀ። ጥፋቱ ከቮልቴጁ ከፍታ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ይወድቅ ነበር። የተለወጠው የሚፈሰው ከረንት፣ ከእርሱም ጋር የሚወለደው ሙቀት ብቻ ነው።

ማረጋገጫ አስፈለገን። የረቀቀ የሙቀት ካሜራ የለንም። ነገር ግን ከላቦራቶሪው ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ፤ የከሰል ማራገቢያቸውን ተውሰን መጣን። ልጁ ከቦርዱ ራቅ ብሎ በስንደዶ ማራገቢያው ቺፑን ሲያራግብ እኔ ሰዓት ያዝኩ። ያለ ማራገቢያ 9 ሰከንድ ይቆይ የነበረው 20 ሰከንድ አለፈ። አየር ብቻ በመጨመሩ ዕድሜው ከዕጥፍ በላይ ረዘመ። ምስክሩ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የቺፑን መመሪያ ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመርን። በሥዕሉ ላይ ስምንት እግሮች አሉ፤ የልጁም ቦርድ ለዋናው ሥራ የሚያስፈልጉትን ሁሉ በትክክል አገናኝቷል። ከገጾቹ መካከል ግን ቺፑን ከሥር ወደ ላይ ገልብጦ የሚያሳይ ሥዕል ነበረ። በሆዱ ሥር አንዲት አራት ማዕዘን ብረት አለች። ልጁ ቦርዱን የነደፈበት ሶፍትዌር ቺፑን ባለ ስምንት እግር ተራ ዕቃ አድርጎ ስላስቀመጠው፣ ይህችን ብረት የሚቀበላት መዳብ ቦርዱ ላይ አልነበረም። በቺፑና በቦርዱ መካከል ያለው የወረቀት ውፍረት እንኳ የማይሞላ አየር ነው። አየር ደግሞ ክፉ ሙቀት አስተላላፊ ነው፤ ጋቢ የሚሞቀንም በጥጡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ቺፑ ሳናውቀው ጋቢ ለብሶ ሲሠራ ነበር።

ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራነው፤ ውበቱ አንባቢንም ይማርክ ይሆናልና ልጻፈው። ቺፑ ምንም ሳይሠራ 3 ሚሊአምፒር ያህል ከ100 ቮልት ይወስዳል፤ ይህ 0.3 ዋት ገደማ ነው። ፒዬዞው ሲገናኝ 1 ዋት ያህል ይጨመራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ፒዬዞው ራሱ ከዚህ ሙቀት ከሞላ ጎደል ምንም አይደርሰውም፤ ካፓሲተር የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣልና። ሲሰጥም ሲቀበልም የሚቃጠለው መካከል ላይ ያለው ነጂ ነው። ሸክሙ አይደክምም፤ የሚደክመው ተሸካሚው ብቻ ነው።

እንግዲህ በጠቅላላው 1.3 ዋት ነው። የሆዱ ብረት በመዳብ ላይ በደንብ ቢበየድ ለእያንዳንዱ ዋት የቺፑ ልብ 50 ዲግሪ ያህል ይጨምራል እንበል፤ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ልቡ 90 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህን ይችለዋል። ብረቷ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ብትቀር ግን ለእያንዳንዱ ዋት 110 ዲግሪ ቢጨምር ልቡ 168 ዲግሪ ሊደርስ ይሻል። ከመድረሱ በፊት፣ 150 ዲግሪ አካባቢ ላይ፣ ቺፑ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቆማል። ሲበርድ ይነሣል። ያለ ጭነት ደግሞ 60 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ለዚህም ነው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለው። ሁሉም ምልክት በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘ። በዚህ ላይ እኛ ያለነው ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ለሰው የሚስማማ ደጋ ለቺፕ ቆላ ነው ማለት ይቻላል።

ራሱን የሚያድን ቺፕ ከሆነ የመጀመሪያው ለምን ሞተ? መከላከያው የተሠራው ለአደጋ ቀን እንጂ ለዘወትር ኑሮ ስላልሆነ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲግልና ሲበርድ፣ ሲለጠጥና ሲኮማተር ያደረ ነገር በመጨረሻ ይሰበራል። ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና፣ «በራሱ የሚነሣ ሁሉ ደኅና አይደለም ማለት ነው» አለ።

ሌላም ያገኘነው ነገር አለ። ከስምንቱ እግሮች አንዷ ሥራዋ መናገር ብቻ ነው። ቺፑ ከመጠን በላይ ሲግል በእርስዋ በኩል ምልክት ይሰጣል። ልጁ ለዋናው ሥራ አታስፈልግም ብሎ ከየትም ሳያገናኝ ትቷት ነበር። አንድ ሬዚስተርና አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አገናኘንላት። መሣሪያው በወደቀ ቁጥር መብራቷ በራች። ያ የሞተው ቺፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አድሯል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ስለዚያች እግር ሳስብ አገሬን አለማሰብ አልቻልኩም። ዋግ በቀድሞው አስተዳደር ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኀብ ተሸሽጎ ቆይቶ ነበር። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የተንቀጠቀጠው። የዚያው ፊልም ምስል በ1967 ዓ.ም. መባቻ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግስቱ ዘውዱ ወረደ። ገበሬው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ተናግሮ ነበር፤ የተናገረባት እግር ከየትም አልተገናኘችም እንጂ። ከዚያ በኋላ 1977 ዓ.ም. መጣ፤ እርሱን ለመተረክ ብዕሬ አይደፍርም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። የከተማችን ስም በዚያ ሰነድ ራስጌ መጻፉ ክብርም ሐዘንም ነው። ቃል ኪዳኑ የሚመዘነው ግን በስሙ አይደለም፤ ከጋዝጊብላ ገደላገደል የሚነሣው ድምፅ የሚበራ መብራት አግኝቶ እንደ ሆነ ነው።

ወደ ቺፓችን እንመለስ። ልጁ የሆዱን ብረት ለማገናኘት ሲቸኩል ለመሬት መስመር ሊበይዳት ተነሣ፤ በተለመዱ ቦርዶች ላይ ሰፊው መዳብ የመሬት መስመር ነውና። እጁን ከማሳረፉ በፊት የመመሪያውን አንድ ዓረፍተ ነገር አብረን ደግመን አነበብን። ብረቷ ከውስጥ ከማይነስ 50 ቮልት ጋር የተያያዘች ናት፤ ከመሬት ጋር ብትገናኝ ያ የመጨረሻ ቺፕ በዚያች ቅጽበት ያከትምለት ነበር። መውጫ መስጠት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ መውጫው ትክክለኛው በር መሆን አለበት።

ቺፑን በጥንቃቄ ነቀልነው። ልጁ ከሥሩ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጀ፤ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ውስጥ ያወጣነውን ወፍራም የመዳብ ቁራጭ በቀዳዳው አሳልፎ ከሆዱ ብረት ጋር በየደው። ሙቀት የሚፈራውን ነገር ለማዳን በመበየጃ ማጋል የግድ ነው፤ በዚያች ጥቂት ሰከንድ ሁለታችንም አልተነፈስንም። መዳቡ 50 ቮልት ስላለበት ማንም እንዳይነካው ሸፍነን ቀይ ቀለም ቀባነው።

አበራው። 9 ሰከንድ አለፈ። 20 አለፈ። ቡና የሚያፈሉት እናት ማራገቢያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መሣሪያው 40 ደቂቃ ሠርቶ ነበር፤ ቀይዋ መብራት አልበራችም። መዳቡን በመልቲሜትሩ የሙቀት መለኪያ ስንለካው 58 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ እንደ ድሮው ይወለዳል፤ አሁን ግን የሚሄድበት አለው።

በቀሩት ቀኖች ልጁ ባለ ሁለት ገጽ ቦርድ ሠራ፤ ከሆዱ ብረት ሥር ትናንሽ ቀዳዳዎችን በረድፍ አበጅቶ ሙቀቱ ወደ ኋላው መዳብ እንዲሻገር አደረገ። ይህን ዘዴ እናቱ ቢያዩት አዲስ አይሆንባቸውም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው ከሸክላው ሥር በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ በላዩም ጀሶ ይለሰናል። ሽቦው ከሸክላው ሳይገጥም በአየር ላይ የቀረ እንደ ሆነ ሙቀቱን የሚቀበለው ያጣል፤ በዚያው ቦታ ግሎ ይበጠሳል። ሠፈር ውስጥ ምጣድ የሚጠግኑ ሰዎች ይህን ያለ መመሪያ ያውቁታል።

መከላከያው ቀን ደረሰ። መሣሪያው ከቀረቡለት የሸክላ ቁራጮች መካከል ስንጥቅ ያለባቸውን ለየ። ከፈታኞቹ አንዱ ግን ጽሑፉን እያገላበጡ፣ ስለ ሞተው ቺፕና ስለ ሆዱ ብረት የተጻፈው ምዕራፍ ቢወጣ ሥራው የበለጠ እንደሚያምር መከሩት። ምክራቸው በቅንነት ነበር። ልጁ በአክብሮት አመሰገነና፣ «ምዕራፉ ይቆይልኝ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁለት ቺፕ ላይኖረው ይችላል» አለ።

ምዕራፉም ቆየ። ዛሬ ጽሑፉ በክፍላችን መደርደሪያ ላይ ነው፤ የሞተው ቺፕ ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ያች የምስር ፍሬ የምታህል ብረት እየታየች፣ በገጹ ላይ ተለጥፏል። በዚህ ዓመት አንዲት ተማሪ ያንን ገጽ ከፍታ የራስዋን ቦርድ አጠገቡ አስቀምጣ ስታስተያይ አይቻታለሁ።